የእሁድ ምልክት

በሕይወቴ ከጻፍኩት ውሸት ሁሉ የከፋው አንድም ቃል የለበትም። ሃያ አራት ትናንሽ የራይት ምልክቶች ናቸው። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአንድ የጤና ጣቢያ ካርድ ላይ፣ በአራት እሁዶች ውስጥ አሰፈርኳቸው። ታሪኩን ለእናንተ ለጓደኞቼ ላጫውታችሁ የፈለግሁት፣ ነገ የአንድ ሰው ካርድ እናንተም እጅ ይገባ ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ጉለሌ ውስጥ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በእግር የምትረገጥ አሮጌ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ሚስትም ልጅም የላቸውም። ጋሼ እላቸዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ጊዜ "የእኔ ልጅ እኮ ስድስት ኪሎ ገባ!" እያሉ ለደንበኛው ሁሉ ሲያወሩ ከረሙ። በየወሩ መጨረሻም "ይቺ ለፎቶ ኮፒ" ብለው የተጣጠፈ ብር በእጄ ያስጨብጡኛል። ይህችን የፎቶ ኮፒ ብር አትርሱብኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ሳል ያዛቸው። "ብርድ ነው" አሉ። ፌጦው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ ሁሉ ተሞከረ። ሳሉ ወር አለፈው፤ ሌሊት ላብ ያጠምቃቸው ጀመር፤ ቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ አስፈለጋት። በስንት ልመና ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው፣ አክታቸው ተመረመረ፣ የሳንባ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ከምርመራው ክፍል ወጥተው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሞት እንዳይመስላችሁ። "ደንበኞቼ ይሰሙ ይሆን?" ነው ያሉኝ።

ሕክምናው ስድስት ወር ነው፤ መድኃኒቱም በነጻ ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት ባንድ ኪኒን ተጠቃሎ ይዋጣል፤ በቀሪዎቹ አራት ወራት ሁለት ዓይነት ብቻ። ሁለቱን ወር ጋሼ በየማለዳው ጤና ጣቢያ እየሄዱ ሲስተሯ ፊት ይውጡ ነበር። ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን የሚባለው፣ ሽንትን ብርቱካንማ ቀይ ያደርጋል። ጋሼ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ኋላ ግን "ሆዴ የፋንታ ፋብሪካ ሆነ" እያሉ ይስቁ ጀመር። ሳሉ ቆመ። ላቡም ቆመ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ አክታቸው ሲመረመር ተሕዋስያኑ አልታዩም።

ይህን ጊዜ ሲስተሯ "ከእንግዲህ በየቀኑ መመላለስ የለብዎትም። መድኃኒቱን ሲውጡ ዐይቶ ካርዱ ላይ ምልክት የሚያደርግ፣ የሚያምኑት ሰው አለዎት?" ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው ወደ እኔ ጠቆሙ። "ይኸው! የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው።" ሲስተሯ ካርዱንና መድኃኒቱን ለእኔ ሰጠችኝ። "መድኃኒቱ አንተ ዘንድ ይቀመጥ። በቀን ሦስት ፍሬ። ሲውጡ በዓይንህ ካላየህ ራይት አታድርግ፤ እሺ?" አለችኝ። እሺ አልኩ። እንደ ሹመት ነበር የተቀበልኩት።

የመጀመሪያውን ሳምንት በየማለዳው ታክሲ ተሻምቼ ጉለሌ ደርሼ እመለስ ነበር። ከዚያ የፈተና ሰሞን መጣ፤ ተርም ፔፐርም ተከተለ። "መድኃኒቱን ለምን ይዤ እዞራለሁ?" ብዬ እሳቸው ዘንድ ተውኩት። ቀጥዬም መሄዱን እሁድ እሁድ ብቻ አደረግሁት። ጋሼ ፊት ለፊቴ ሦስቱን ፍሬ ወደ አፋቸው ወርውረው ውኃ ይጎነጩበታል። የሳምንቱን ማሸጊያ ያሳዩኛል፤ ኪኒኑ ሁሉ ተፈልፍሎ ወጥቷል። እኔም ሰባት ራይት አሰፍራለሁ፤ አንዱ ያየሁት፣ ስድስቱ ያላየሁት። ሽሮ በልተን ወደ ዶርሜ እመለሳለሁ። ደግሞስ ማን ይጎዳል? ድነዋል እኮ!

አንድ ሰኞ ጠዋት የኮቴ ቁልፍ ተበጠሰች። ላስተክል ጉለሌ ብሄድ ጋሼ ዕቃ ሊያደርሱ ወጣ ብለዋል። ከምጠብቃቸው ብዬ ክፍላቸው ገብቼ የቁልፍ ጣሳቸውን ከፈትኩ። ጥቁር ቁልፍ፣ ነጭ ቁልፍ፣ የወታደር ካፖርት ቁልፍ፤ ከሁሉ ሥር በላስቲክ የተቋጠረ ነገር። ስፈታው ኪኒን ነው። አልጋው ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩት። 72 ፍሬ። ለሦስት ሲካፈል 24።

ጋሼ ተመልሰው አልጋው ላይ የተዘረጋውን አዩ። አልካዱም። ኮፍያቸውን አውልቀው ከጎኔ ተቀመጡ።

"ለምን ጋሼ?" አልኳቸው።

"ያስርበኛል።"

አልገባኝም። ዝም ብዬ አየኋቸው።

"ይኼ መድኃኒት ያስርበኛል ልጄ። ታምሜ ሳለሁ እህል አስጠልቶኝ ነበር፤ እሱስ ተስማምቶኝ ነበር። አሁን ሆዴ ተከፈተ። ይኼን ከዋጥኩ ሲጮህ ይውላል። ሁለት ወር ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያ ስመላለስ ግማሹ ደንበኛ ወደ ሌላ ሰፊ ሄደ። አሁን በቀን አንዴ ነው የምበላው። እሁድ አንተ ስትመጣ ደህና አድርገን እንበላለን፤ የዚያን ዕለት እውጠዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልጣሉትም?"

"ሰው የሚድንበት ነገር ይጣላል እንዴ?" ብለው ተቆጡኝ።

የፎቶ ኮፒዋ ብር ትዝ ያለችኝ ያን ጊዜ ነው። ደንበኛ ሲሸሽ፣ ምሳ ሲቀር፣ እሷ አንድም ወር አልቀረችም ነበር። ባለፈው ወር ማኪያቶ ጠጥቼባታለሁ።

የጤና ጣቢያ ቀጠሯችን ለሐሙስ ነበር። ካርዱ ሙሉ ነው፤ አንድም ባዶ ቦታ የለውም። ዝም ብል ማንም አያውቅም። እነዚያን ሦስት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው የማውቀው እኔ ነኝ። ጥቁር አንበሳ ሕክምና የሚማር አንድ ጓደኛ አለኝ። ሄጄ ነገርኩት። አልሰደበኝም፤ የጥናት ጽሑፎች አሸክሞ ሰደደኝ። በእነዚያ ሦስት ቀናት የጀመርኩትን ንባብ እስከ ዛሬ አልተውኩትም። እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝ፤ የሕክምና ምርምር ሲባል ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ማይክሮስኮፕ ላይ ሲያጎነብስ ነበር የሚታየኝ። ሳነበው ግን የምርምሩ አንድ ትልቅ ክፍል ስለ ሰው ጠባይ ሆኖ አገኘሁት።

ከጥንቱ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1948 የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ስትሬፕቶማይሲን ለሳንባ ቲቢ መፍትሔ ይሆን እንደሆነ የፈተነበትን ጥናት አሳተመ። መድኃኒቱ ለሁሉም አይበቃም ነበርና 107 ሕመምተኞች በዕጣ ተለዩ፤ 55ቱ መድኃኒቱን ከአልጋ ዕረፍት ጋር አገኙ፣ 52ቱ የአልጋ ዕረፍት ብቻ። ዕጣው ለምን አስፈለገ? ዕቁብ የገባ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ማንም ለወዳጁ እንዳያዳላ ነው። ሐኪም ልምረጥ ቢል፣ ሳያስበው ብርቱ ብርቱውን ሕመምተኛ ለአዲሱ መድኃኒት ይሰጥና መድኃኒቱን በሐሰት ያስመሰግነዋል። ዕጣ ሲጣል ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚታየው ልዩነት ከመድኃኒቱ የመጣ ነው ለማለት ይቻላል። ከስድስት ወር በኋላ መድኃኒቱን ካገኙት 4፣ ካላገኙት 14 ሰዎች ሞተዋል። ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም፤ በብዙዎቹ ሰውነት ውስጥ ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን ተላመዱት። ቲቢ ባንድ መድኃኒት እንደማይታከም፣ መድኃኒቶች ተጣምረው ለረጅም ጊዜ መዋጥ እንዳለባቸው የታወቀው እንዲህ ነው። ታዲያ ለረጅም ጊዜ የሚውጠው ማነው? ሰው ነው። ጣጣው ከዚህ ይጀምራል።

ይህን ጣጣ በብርቱ ከመረመሩት መካከል በሕንድ አገር፣ በማድራስ ከተማ የነበሩ ሰዎች ይገኛሉ። ከተማዋ ዛሬ ቼናይ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1956 ዋላስ ፎክስ በሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም መሪነት 193 ድኻ የቲቢ ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። እኩሌቶቹ ሳናቶሪየም ገብተው፣ ጥሩ ምግብ እየበሉ፣ እያረፉ ለአንድ ዓመት ይታከማሉ። እኩሌቶቹ በተጨናነቀ ቤታቸው እየኖሩ፣ ያገኙትን እየበሉ፣ ብዙዎቹም ሥራቸውን እየሠሩ ያንኑ መድኃኒት ይውጣሉ። በዚያን ዘመን ቲቢ ያለ ንጹሕ አየር፣ ያለ ዕረፍትና ያለ ጥሩ ቀለብ ይድናል ብሎ የሚያምን ሐኪም ጥቂት ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲታተም ግን ቤታቸው የታከሙት ሳናቶሪየም ከገቡት በማይተናነስ ሁኔታ ድነው ተገኙ። ቤተሰቦቻቸውም ከሌሎቹ ቤተሰቦች ይበልጥ አልታመሙም። ድኻ አገር ሁሉ በዚህ ጥናት ተጠቅሟል፤ ሕመምተኛውን ሁሉ የሚያስተኛ አልጋ ከወዴት ይመጣ ነበር?

የማድራስ ሰዎች ግን የዋህ አልነበሩም። ሕመምተኛው ቤቱ ሲውል መድኃኒቱን መዋጡን በምን ያውቃሉ? ድንገት ቤቱ እየሄዱ የቀረውን ኪኒን ይቆጥሩ ነበር። ሽንቱን ተቀብለውም መድኃኒቱ በውስጡ መኖር አለመኖሩን ይመረምሩ ነበር። ይህን ሳነብ ፊቴ ጋለ። የጋሼ ሽንት ቀለም በየቀኑ ሲመሰክር የከረመውን፣ እኔ ባንድ ጣሳ ቁልፍ ነው ያገኘሁት። ጥርጣሬውም የትናንት አይደለም፤ በሂፖክራተስ ስም በሚጠሩት ጥንታዊ የግሪክ ጽሑፎች ውስጥ እንኳ፣ ሕመምተኛ የታዘዘለትን ወሰድኩ እያለ እንደሚዋሽ ሐኪሙ ይመከራል። ደጋፊው ይዋሻል ብሎ የመከረ ግን አላጋጠመኝም።

አሁን ልብ በሉልኝ። የማድራስ ጥናት ድኻም ያገኘውን እየበላ በመድኃኒት ይድናል አለ። እውነት ነው። ጋሼ ደግሞ ስለራበኝ መድኃኒቱን አልዋጥኩም አሉ። ይህም እውነት ነው። ሁለቱ አይጣሉም። መድኃኒቱ ተሕዋሱን ለመግደል የሰሃኑን ሙላት አይጠብቅም፤ መድኃኒቱን ለመዋጥ እጁን የሚዘረጋው ሰው ግን ሰሃኑን ያያል። ማድራስም ቢሆን በዕጣ የፈተነው ሳናቶሪየሙንና ቤቱን እንጂ ቀለብን ለብቻው አይደለም። ቀለብን በዕጣ የፈተነ ትልቅ ጥናት የመጣው ብዙ ቆይቶ፣ ከዚያው ከሕንድ፣ ከጃርክሃንድ ክልል ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ይህ ጥናት ከ10,000 በላይ የሕመምተኛ ቤተሰብ አባላትን የተከታተለ ሲሆን፣ ሩዝ፣ ጥራጥሬ፣ የወተት ዱቄትና ዘይት ለቤተሰቡ የተሰጠባቸው አካባቢዎች በቤተሰቡ ላይ የሚደርሰው አዲስ ቲቢ በ39 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ሕመምተኞቹም ቢሆኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት ክብደት የጨመሩት የመሞት ዕድላቸው ያነሰ ነበር።

የእኔስ ራይት? ፊት ለፊት ቆሞ እያዩ ማስዋጥ ብቻውን ምን ያህል ይረዳል? ይህም በዕጣ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት 216 ሕመምተኞች ተከፍለው፣ እኩሌቶቹ ሰው እያያቸው፣ እኩሌቶቹ በራሳቸው ኃላፊነት እንዲውጡ ተደረገ። በታዩት ሕክምናው የተሳካው በ54 በመቶው ነው፤ በራሳቸው በዋጡት በ60 በመቶው። ልዩነቱ ጠባብ ነው፤ መታየት ይጎዳል ለማለት አያበቃም። ዐይን ብቻውን እንደማያድን ግን ይነግራል። ጋሼም እሁድ እሁድ ዐይኔ ሥር ይውጡ አልነበረም? ታይተዋል። የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

ስለ መጠየቅ ካነሳሁ የኬንያውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት የኤችአይቪ መድኃኒት ገና የጀመሩ 538 ሰዎች በዕጣ ተለዩ። ለእኩሌቶቹ በየሳምንቱ ከክሊኒኩ ባንድ ቃል የስልክ መልእክት ይላክላቸዋል፦ "ማምቦ?" በስዋሂሊ እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ እንደ ማለት ነው። ደህና ከሆኑ "ሳዋ"፣ ችግር ካለባቸው "ሺዳ" ብለው ይመልሳሉ፤ ሺዳ ያለውንና የጠፋውን ነርስ ደውሎ ያነጋግረዋል። መድኃኒታችንን በሚገባ ወስደናል ያሉት መልእክት ከሚደርሳቸው 62 በመቶ፣ ከማይደርሳቸው 50 በመቶ ሆኑ። መልእክቱ "ኪኒንህን ዋጥክ?" አይልም። ሰላምታ ነው። እኛ ደግሞ በሰላምታ ማን ያህለናል! እንደምን አደሩ፣ እንደምን ዋሉ፣ ቤት ደህና፣ ከብቱ ደህና እያልን ግማሽ ሰዓት የምንቆም ሕዝብ ነን። እኔ ግን ጋሼን አራት እሁድ "ዋጡ ወይ?" እንጂ "ምን በልተው ሰነበቱ?" አላልኳቸውም።

ደግሞ ይህ የእኛ ድኾች ብቻ ጠባይ አይምሰላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዘገባ፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ሕክምናቸውን እንደታዘዙት የሚከታተሉት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው ይላል።

ረቡዕ ማታ ያነበብኩት ግን እንቅልፍ ነሣኝ። መድኃኒት እየተቆራረጠ ሲወሰድ፣ የሚተርፉት ተሕዋስያን መድኃኒቱን የቻሉት ሊሆኑ ይችላሉ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሲታከም ለረጅም ዘመን የኖረው ሥርዓት 20 ወር የሚፈጅ ነበር፤ መርፌውም የአንዳንዱን ሰው ጆሮ ያደነቁራል። ይህን ዘመን ለማሳጠር ከተደረጉት ጥናቶች አንዱ የተካሄደው እኛው ዘንድም ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና የአርማወር ሃንሰን ምርምር ተቋም ተሳትፈውበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታተም ከ9 እስከ 11 ወር የሚፈጀው ሕክምና በ78.8 በመቶው፣ 20 ወር የሚፈጀው በ79.8 በመቶው የተሳካ ውጤት አሳየ፤ አጭሩ ከረጅሙ የሚተናነስ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለ መርፌ፣ በስድስት ወር የሚያልቅም መጥቷል። ቅዱስ ጴጥሮስ ከእኛ ሰፈር ሽቅብ፣ የእንጦጦ መንገድ ላይ ነው። እዚያ የሀገሬ ሕመምተኞች ሰውነታቸውን ለዕጣ ሰጥተው፣ ለማያውቁት ሰው ብለው ወራቱን አጠሩ። እኔ ደግሞ ከቁልቁለቱ በታች፣ በገዛ አጎቴ ላይ ወራቱን ላረዝም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ከጋሼ ጋር ጤና ጣቢያ ሄድን። ሰባ ሁለቱን ኪኒን በላስቲኩ ይዣለሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ "ሲስተር፣ ካርዱ ውሸት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ" አልኩ። ጋሼ "የለም፣ እኔ ነኝ" ብለው ገቡበት። ሲስተሯ ሁለታችንንም አየችን። ወቀሳ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ወንበሯን ወደ ጋሼ ሳብ አድርጋ፣ "አባቴ፣ በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ?" አለቻቸው።

እንግዲህ ይህች ናት። እኔ በወር ያልጠየቅሁትን እሷ ባንድ አፍታ ጠየቀች። ጋሼ አንገታቸውን ደፉ፤ ከዚያ ተናገሩ፤ ሁሉን ተናገሩ። አክታቸው እንደገና ተመረመረ፤ እግዜር ይመስገን ንጹሕ ነበር። የጎደሉት ቀናት በመጨረሻው ላይ እንዲጨመሩ ተወሰነ። ሲስተሯ ካርዱን ተቀብላ ያላየኋቸውን ራይቶች እየጠየቀችኝ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ባንድ ከበበቻቸው። ሃያ አራት ክብ። ለእኔም "ነገ ጠዋት የት ነህ?" አለችኝ። "ጉለሌ" አልኳት።

የፎቶ ኮፒውን ብር አልቀበልም ብል ጋሼ ተቀየሙ። ኋላ ተስማማን፤ ብሯ በየማለዳው ከዳቦ ቤት ይዤ የምመጣው ትኩስ ዳቦና ሻይ ሆነች። አብረን እንበላለን፣ ሦስቱን ፍሬ ይውጣሉ፣ አንድ ራይት አሰፍራለሁ፣ ወደ ክላስ እሮጣለሁ። ያልቻልኩ ዕለት እደውላለሁ፤ ቦታው ባዶ ይቀራል፤ በማግስቱ በጠየቅሁት አጠገብ በትንሹ እጽፋለሁ። ካርዱ ከዚያ ወዲህ ያማረ አልነበረም። እውነት ግን ነበር። ጋሼ ሕክምናቸውን ከቀጠሮው 24 ቀን ዘግይተው ጨረሱ። ዛሬ መኪናቸው ላይ ናቸው፤ ከሄዱት ደንበኞች አንዳንዱ ተመልሷል፣ አንዳንዱ አልተመለሰም።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! በየዶርሙ ስንት መድኃኒት ጀምሮ ያቆመ አለ? በየቤታችን የስኳር፣ የደም ብዛት፣ የአስም ኪኒን በየጣሳው ተቀብሮ ይሆናል። ሊቃውንቱ በዕጣ፣ በቁጥር፣ በዓመታት ድካም መድኃኒቱን እስከ ደጃችን አድርሰውታል። ከደጃፍ እስከ አፍ ያለችው የመጨረሻዋ ስንዝር ግን ለእኛ የተተወች ናት። ምልክት ከማድረጋችሁ በፊት እዩ። ከማየታችሁም በፊት ምን በልተው እንደዋሉ ጠይቁ።